ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ጎተራ



ወደ ዘንገና ሐይቅ ከየትኛውም ዳር ብንወርድ የምናገኘው ያንኑ አንድ ውኃ ነው። የዛሬው ርእሴም ይህንኑ ይመስላል፤ በሩ ብዙ፣ ማከማቻው አንድ።

በአውንጊ የተቀረጸ የሽማግሌ ቃል፣ የብራና ፎቶ፣ የተማሪ ውጤት ከዳንግላም ከአዲስ አበባም የሚላክለትን ተቋም እናስብ። ፋይል የሚቀበለው ሰርቨር አንድ ብቻ ከሆነ፣ እሱ በተበላሸ ቁጥር ላኪው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ሰርቨሮች በክላስተር ይጣመራሉ። ላኪው የሚያውቀው አንድ የአይፒ አድራሻ ነው፤ አድራሻውን የያዘው ሰርቨር ዝም ሲል ሌላው ይረከበዋል። በመላክ ላይ የነበረው ፋይል ይቋረጥና እንደገና ይላካል እንጂ በሩ ተዘግቶ አያድርም። ፋይሎቹ ያሉት ግን በሰርቨሮቹ ውስጥ አይደለም፤ ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጣው ኤንኤፍኤስ በኩል ሁለቱም በኔትወርክ በሚደርሱበት የጋራ ማከማቻ ላይ ነው።

ሥራውን የሚያበላሹት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ኤንኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ ተጠቃሚን የሚለየው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በሁለቱ ሰርቨሮች ካልተመሳሰለ የአንዱ ሰው ፋይል የሌላው ይሆናል። ፋይል የሚቀበሉበት የኤስኤፍቲፒ መለያ ቁልፋቸውም አንድ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ርክክቡ በተፈጸመ ጊዜ የላኪው ኮምፒውተር «ይህ ሌላ ማሽን ነው» ብሎ ይመለሳል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ በመካከላቸው ያለው መስመር ብቻ ሲበጠስ ነው። ሁለቱም እየሠሩ እያንዳንዱ ሌላው ሞቷል ብሎ አድራሻውን ይይዛል፤ ባንድ ማከማቻ ላይም ሳይተያዩ ይጽፋሉ። የሚዳኝ ሦስተኛ ማሽን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ እኛ ዘንድ ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ እንደሚገባ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ጎተራው አንድ ነው። ማከማቻው ከወደቀ ሁለቱ ሰርቨሮች እየሠሩ ባዶ ናቸው። በስሕተት የተሰረዘ ፋይልም ከሁለቱም ባንድ ጊዜ ይጠፋል። የብራና ቅርሳችንን የታደጉ ሰዎች ይህን ቀድመው ተረድተውታል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በመጣው ሁከት አገራቸውን የለቀቁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብራናዎቹን ለዓመታት የመዘገቡት በሚኒሶታው ቅጂ ነው።

እንግዲህ በየተቋማችሁ ይህን ሥራ የያዛችሁ ወጣቶች፣ ሁለተኛውን ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት ሁለተኛው ቅጂ በየትኛው ከተማ እንደሚቀመጥ ወስኑ። ከዚያም አንድ ፋይል ከዚያ ቅጂ መልሳችሁ ክፈቱ።