የርዳታ ገንዘብና የሴቶች ድካም በካፋ



ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በቀድሞው የካፋ መንግሥት ምድር ላይ የቆመች፣ ከኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ወዲህም ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ የሆነች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ደን ነው። ዝናሙ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ምንጩም፣ ጅረቱም፣ ወንዙም ብዙ ነው። በዚህ የውሃና የእንጨት አገር የሴቲቱን ቀን የሚበሉት ውሃና እንጨት መሆናቸው እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ውሃው ከሸለቆ፣ ቤቱ ከተረተር ላይ ነው፤ እንጨቱንም ከደኑ እስከ ምድጃው የሚያጓጉዘው የሴት ጀርባ ነው።

ይህን ሸክም ለማቅለል ተብሎ ከውጭ መንግሥታት ግምጃ ቤት የሚወጣው ገንዘብ በስንት እጅ አልፎ፣ በምን መልክ ካፋን ወደ መሰለ አገር እንደሚደርስ መመርመር የዚህ ንግግር ዓላማ ነው። ጉዳዩ የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ሳይሆን የመሐንዲሱም ነው፤ ገንዘቡ በመጨረሻ ላይ ወይ ቧንቧ፣ ወይ ምድጃ፣ ወይ መንገድ ሆኖ መሬት ላይ የሚያርፈው በመሐንዲሱ ንድፍ በኩል ነውና።

የስጦታ ርዳታ ከብድር የሚለየው የማይመለስ በመሆኑ ነው። የማይመለስ ይሁን እንጂ ሒሳብ የማይጠየቅበት አይደለም። ለጋሹ መንግሥት ከዜጎቹ በግብር የሰበሰበውን በምክር ቤቱ አስፈቅዶ ለአንድ ሚኒስቴር ይመድባል፤ ሚኒስቴሩ ለራሱ የልማት ድርጅት ወይም ለአንድ በጎ አድራጊ ማኅበር ያስተላልፋል፤ ማኅበሩ ደግሞ ከክልልና ከዞን መምሪያዎች ጋር ይዋዋላል። በየደረጃው ሪፖርት አለ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል የሆኑት ለጋሾች ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት በሴቶችና በወንዶች እኩልነት ረገድ ከ0 እስከ 2 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣሉ። 0 ማለት እኩልነት ከዓላማው ውስጥ የለም፤ 1 ማለት ከዓላማዎቹ አንዱ ነው እንጂ ዋናው አይደለም፤ 2 ማለት ፕሮጀክቱ የተቋቋመው ለዚሁ ነው ማለት ነው። ይህ አሠራር ከምንም ይሻላል። ሆኖም ነጥቡ የሚሰጠው በታቀደው ሰነድ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ 1 ቁጥርን ለማግኘት አንዳንድ ጊዜ በሰነዱ ውስጥ አንድ ምዕራፍ መጨመር ይበቃል፤ ንድፉ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። «ሴቶችም ይሳተፋሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር የቧንቧን ውፍረት ለውጦ አያውቅም።

ካፋ ለዚህ ነገር ጥሩ መመልከቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ፋርም አፍሪካና ኤስ.ኦ.ኤስ. ሳህል የተባሉት ድርጅቶች በቦንጋ አካባቢ ደንን ከሕዝቡ ጋር በጋራ የማስተዳደርን ሥራ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ደግሞ የጀርመን መንግሥት ለአየር ንብረት ጥበቃ ከመደበው ገንዘብ ናቡ በተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በኩል ለካፋ ደኖች ርዳታ ሰጠ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ 760 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆነውን የካፋ ምድር ከያዩ ጋር በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የሕይወት ከለላ ቀጣናዎች አድርጎ መዘገበው። የጫካ ቡና መገኛ የሆነው ደን ስሙ በዓለም ተሰማ፤ ይህም ለአገር ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ደን ሲጠበቅ ማን ከምን እንደሚጠበቅ መጠየቅ ያስፈልጋል። በደን ተጠቃሚዎች ማኅበር መዝገብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር አንድ ቤት ነው፤ ቤቱም የሚጠራው በአባወራው ስም ነው። ረጅሙ ዛፍ ላይ የሚሰቀለው ቀፎ የወንዱ ነው፤ ቡናውን ሸጦ ገንዘቡን የሚቀበለውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ኮረሪማና ጥምዝ መልቀም፣ ማገዶ ማምጣት፣ እንሰት ፍቆ ቆጮ ማድረግ ግን በብዙው ስፍራ ለሴቲቱ የተተወ ነው። ስለሆነም ማኅበሩ ስለ ማርና ስለ ቡና ሲወስን የወሰነው ባለቤቱ ሲሆን፣ ስለ ማገዶ ሲወስን ግን ባለጉዳይዋ ከስብሰባው ውጭ ናት። ከሁሉም ይልቅ የማንጆ ሴቶች ነገር ሊታሰብበት ይገባል። በካፋ ኅብረተሰብ ውስጥ ለረጅም ዘመን ተገልሎ የኖረው ይህ ወገን እንጨትና ከሰል ለገበያ በማቅረብ ይተዳደራል፤ ደኑን የሚዘጋ ደንብ በወጣ ቁጥር ዱላው መጀመሪያ የሚያርፈው በነዚህ ሴቶች ላይ ነው።

በዚህ መካከል ምድጃ ይመጣል። በሲሚንቶና በአሸዋ ቅርጽ ተሠርቶ የሚገጣጠመው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጀራ ለመጋገር የሚያስፈልገውን ማገዶ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እሳቱ ስለሚታጠር ነበልባሉ ወደ ምጣዱ እንጂ ወደ ነፋስ አይሄድም። በገጠር ቤት የማገዶው ግማሽ ሲቀር የጉዞውም ግማሽ ይቀራል፤ ጭሱም ያንሳል። በከተማ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ቦንጋ ላይ ምድጃ የገዛች እመቤት ግማሽ ሸክም እንጨት መግዛት ስትተው፣ ያንን ሸክም ይዛ የምትመጣው ሴት ግማሽ ገበያዋን ታጣለች። ስለዚህ ምድጃ የሚያከፋፍል ፕሮጀክት እንጨት ሻጭዋን በምድጃ አምራችነት ወይም በሌላ ሥራ ካልያዛት፣ ለሁለት ሴቶች የታሰበውን ርዳታ ከአንዷ ነሥቶ ለሌላዋ ይሰጣል። ይህንን በሪፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ ማግኘት አይቻልም፤ ሠንጠረዡ የሚቆጥረው የተከፋፈለውን ምድጃ ብቻ ነውና።

የውሃው ነገር ከዚህ ይበልጥ ሰፊ ነው፤ መሐንዲሶችንም በቀጥታ የሚመለከት ስለሆነ በቁጥር ቢታይ ይሻላል። ቀደም ሲል የነበረው የገጠር ውሃ አቅርቦት መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር በ1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። በወረቀት ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ተሻሽለዋል፤ ውሃው በዛ፣ ርቀቱ አጠረ። አሁን አምስት ነፍስ ያለበትን፣ ከመለኪያው ጠርዝ ላይ ያለውን ቤት እንውሰድ። በቀድሞው መለኪያ በቀን 75 ሊትር ያስፈልገዋል። በ20 ሊትር ጀሪካን አራት ለማይሞላ ምልልስ፣ እያንዳንዱ ደርሶ መልስ 3 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በአማካይ 11.25 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በአዲሱ መለኪያ 125 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህም ከስድስት ምልልስ በላይ ነው፤ እያንዳንዱ 2 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ 12.5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መለኪያው ተሻሽሎ፣ ሙሉ ድርሻዋን የምትቀዳው ሴት ጉዞ በቀን በ1.25 ኪሎ ሜትር ረዘመ ማለት ነው።

በርግጥ ማንም ሴት በቀን ስድስት ጊዜ አትመላለስም። የምታደርገው ሁለት ወይም ሦስት ጀሪካን አምጥታ በዚያው መቆጠብ ነው፤ ስለዚህ 25 ሊትር የተባለው ከንድፉ ላይ ይቀራል፣ ከቤቷ አይደርስም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ መሠረታዊ አገልግሎት ብለው የሚቆጥሩት ተራ መጠበቁን ጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ የማያልፈውን ነው። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ለምትራመድ ሴት 2 ኪሎ ሜትር ብቻውን 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ ወረፋው ገና አልተቆጠረም። ካፋ ደግሞ ሜዳ አይደለችም፤ ባዶ ጀሪካን ይዞ ቁልቁል፣ 20 ኪሎ ተሸክሞ ሽቅብ ነው።

ይህንኑ ሽቅብ በጉልበት መለኪያ ማስላት ይቻላል። 125 ሊትር ውሃ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኀይል 34 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የፓምፑና የሞተሩ ብቃት 40 ከመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ 85 ዋት ሰዓት ይበቃል። ይህም ባለ 60 ዋት አምፖል ለሁለት ሰዓት ያልሞላ ጊዜ ሲበራ የሚፈጀው ነው። ለአንድ መብራት ያህል የሚሆን ኀይል ባለመኖሩ የአንዲት ሴት ግማሽ ቀን ይጠፋል። ወጪው ያለው በኀይሉ ላይ አይደለም፤ በቧንቧው፣ በፀሐይ ብርሃን መቀበያው፣ በማጠራቀሚያውና ከሁሉም በላይ በጥገናው ላይ ነው። ርዳታ ሰጪው የሚጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ «በአንድ ሰው ስንት ብር ወጣ?» ነው። ከሸለቆው ላይ ምንጭ አጎልብቶ እዚያው ቦኖ መትከል ርካሽ ነው፤ ወደ ተረተሩ ማንሳት ውድ ነው። በተጠቃሚ ቁጥር ከተለካ ርካሹ ያሸንፋል፤ በተራመዱት ኪሎ ሜትር ከተለካ ግን ውድ የተባለው ብዙ ጊዜ ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

ገንዘቡ በማን እጅ ይያዝ ለሚለው ጥያቄ ከፊንላንድ ርዳታ የሚገኘው ልምድ ጠቃሚ ነው። የፊንላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአማራ ክልል የገጠር ውሃ ሥራን ሲረዳ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ገንዘቡን በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ የማስረከብን ዘዴ አመጣ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህም ኮዋሽ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ዘዴው ያን ጊዜ ካፋን ይዞ ወደነበረው የደቡብ ክልልና ወደ ሌሎችም ክልሎች ተስፋፋ። ገንዘቡ በአማራ በአብቁተ፣ በደቡብ በኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ በኩል ያልፍ ነበር፤ ኮሚቴው ሒሳብ ይከፍታል፣ ዕቃ ይገዛል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ሕዝቡም በገንዘብ፣ በጉልበትና በቁሳቁስ የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ከኮሚቴው አባላት ግማሹ ሴቶች እንዲሆኑ ይፈለጋል።

የዚህ ዘዴ ጥበቡ ከስብሰባ ይልቅ በፊርማው ላይ ነው። በስብሰባ ላይ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት በመዝገብ ትቆጠራለች እንጂ ማንም አይጠይቃትም። ቼኩ ያለ እሷ ፊርማ የማይወጣ ገንዘብ ያዥ ግን ነጋዴውም፣ ግንበኛውም፣ የወረዳው ባለሙያም ይፈልጋታል፤ ስለ ሲሚንቶው ዋጋ ሳታውቅ ልትፈርም አትችልምና ትማራለች። እንከኑም አለ። ስብሰባው በገበያ ቀን ወይም ወደ ማታ ሲጠራ ሴቷ ስሟ እንጂ ሰውነቷ አይገኝም፤ ባሏ «እኔ እነግራታለሁ» ብሎ ይቀመጣል። የስብሰባን ሰዓት መምረጥ እንደ ቦታ መረጣ ሁሉ የንድፍ ሥራ መሆኑን የሚያስተምር ኮርስ በምህንድስና ትምህርት ውስጥ ብዙም አይታይም።

ሕጉም ሊዘነጋ አይገባም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት አረጋግጧል። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲሰጥ አዘዘ። በሌላ በኩል የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙትን ማኅበራት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በዚህ ክፉኛ ተጎዳ። ለአሥር ዓመት ያህል የውጭ መንግሥት ገንዘብ የያዘ ማኅበር ለሴቶች ጉድጓድ መቆፈር ይችል ነበር፤ የጉድጓዱ ባለቤት ማን እንደሆነ መከራከር ግን አይችልም ነበር። እኩልነት የሚለው ሐሳብ ከሕግ ባለሙያዎች እጅ ወጥቶ በቧንቧና በምድጃ ውስጥ እንዲደበቅ ተገደደ፤ መሐንዲሱም ሳይጠየቅና ሳይሰለጥን የሴቶች መብት ሠራተኛ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ክልከላውን አንሥቷል፤ ልማዱ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ክልከላው ተነሥቶ ብዙ ዓመት ሳይቆይ ደግሞ ገንዘቡ መቀነስ ጀመረ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2014 በሴቶች መብት ላይ የመሠረተችውን የውጭ ፖሊሲ በ2022 ተወች። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2025 የውጭ ርዳታውን አቆመ፤ የልማት ድርጅቱም በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሥራውን ጨረሰ። ብሪታንያም ለርዳታ የምታውለውን ከአገራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ እ.ኤ.አ. እስከ 2027 ድረስ ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አስታወቀች። ስለዚህ ዛሬ ለመሐንዲሱ የሚቀርበው ጥያቄ አዲስ ገንዘብ እንዴት ይገኝ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ሲያበቃ ምን ይቀራል የሚለው ነው።

ጥቂት ነገሮች ከአሁኑ ሊደረጉ ይችላሉ፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቁም። በንድፍ ቅጹ ላይ ከተጠቃሚው ቁጥር አጠገብ ከጠርዙ ላይ ያለው ቤት በቀን የሚጓዘው ኪሎ ሜትርና የሚወጣው ከፍታ ይጻፍ። ቼክ ላይ ከሚፈርሙት አንዷ ሴት መሆኗ የርክክብ ቅድመ ሁኔታ ይሁን። የፓምፕ ጥገና ሥልጠና ሲሰጥ ከመንደሩ የማትሄደው ትሰልጥን፤ የሰለጠነው ጎረምሳ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳልና። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ከመነሻው የተነደፈው የመንደር ሰው በጥቂት መሣሪያ ፈትቶ እንዲጠግነው ተብሎ ነው። ቶሎ የሚያልቁት ክፍሎች ጎማውና ጥቂት የፕላስቲክ ኩሽኔታዎች ናቸው። እነዚህ በቦንጋ ገበያ ከጨውና ከሳሙና አጠገብ ካልተሸጡ፣ ገንዘብ ያዥዋ የሰበሰበችው ብር በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ፓምፑ ይቆማል፤ ሴቶቹም ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ሸለቆው ይወርዳሉ።