ልጆቻችንን ወደ ጦርነት የሚልከው ማን ነው?

ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለምዕራብ ጎጃም ከተሞች መራጮች በፓርቲው ጸሐፊ የተደረገ ንግግር




ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ መሬትና ስለ ግብር ፓርቲያችን የያዘውን አቋም በዚህ ማኒፌስቶ ሌሎች ገጾች ታነባላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። የኢትዮጵያን ሠራዊት ከድንበር ውጭ የሚልከው ማን ነው? የውጭ አገር ጦርንስ ወደ መሬታችን የሚያስገባው ማን ነው? ይህን የሚያደርገውን ሰው ማን ይጠይቀዋል?

ይህ የአዲስ አበባ ሰዎች ጥያቄ ነው፣ እኛን አይመለከተንም የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ወታደሩ የሚወጣው ከየት ነው? ከጃቢ ጠህናን፣ ከቋሪት፣ ከደጋ ዳሞት፣ ከወምበርማ የገበሬ ቤት ነው። ውሳኔው አዲስ አበባ ላይ ይወሰናል፣ መርዶው ግን እዚህ ይመጣል። መርዶ የሚመጣበት ሕዝብ በውሳኔው ላይ ድምጽ ሊኖረው ይገባል ብለን እናምናለን።

ከቅርቡ ታሪካችን እንጀምር። በ1999 ዓ.ም. ኅዳር 21 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ መንግሥት በሶማሊያ የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት ላይ ማንኛውንም ሕጋዊና አስፈላጊ እርምጃ እንዲወስድ የሚፈቅድ ውሳኔ አሳለፈ። ታኅሣሥ 15 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አገሪቱ ጦርነት ውስጥ መግባቷን በይፋ ነገሩን። በአራተኛው ቀን ሠራዊታችን ሞቃዲሾ ደጃፍ ደረሰ።

ያን ጊዜ በየቡናው ዙሪያ፣ በየጠላ ቤቱ፣ በየአውቶቡስ መናኸሪያው የነበረውን ክርክር ዕድሜያችሁ የደረሰ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። ሕዝቡ በሁለት ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን የ1969ኙን የዚያድ ባሬን ወረራ ያስታውስ ነበር። የፍርድ ቤቶቹ መሪዎች በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ ማወጃቸውን፣ ሻዕቢያም ከጀርባቸው መቆሙን እያነሣ፣ ጠላት ቤታችን ሳይገባ ደጁ ላይ ይመታ ይል ነበር። ሌላው ወገን ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የመረጣቸው መሪዎች ከ1998 መግቢያ ጀምሮ በእስር ላይ እንዳሉ እያነሣ፣ የገዛ ሕዝቡን ድምጽ ያላከበረ መንግሥት በሞቃዲሾ ሰላም ሊያሰፍን ነውን? ብሎ ይጠይቅ ነበር። መሪዎቹ በይቅርታ የወጡት ሐምሌ 1999 ላይ መሆኑን ልብ በሉ። ጦርነቱ የተጀመረው ዋነኞቹ ተከራካሪዎች እስር ቤት ሳሉ ነው።

ከሁለቱ ወገኖች ማን ልክ ነበር የሚለውን ዛሬ አንፈርድም። ስጋቱ ባዶ ነበር አንልም። የዘመቱት ልጆቻችንም የታዘዙትን በጀግንነት ፈጽመዋል። እኛን የሚያሳስበን ግን ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት ነገሩ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። በምክር ቤቱ የነበሩት ተቃዋሚዎች ተቃውመው ድምጽ ቢሰጡም ውሳኔው በገዥው ፓርቲ አብላጫ አለፈ። ማንኛውም እርምጃ ማለት ምን ማለት ነው? እስከ መቼ? በስንት ብር? በየስንት ጊዜው ሪፖርት ይቀርባል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ገደብ አልተበጀለትም።

ውጤቱንም አየነው። ሠራዊቱ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይቆያል ተብለን ነበር። የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በጥር 2001 ዓ.ም. ነው። ከፍርድ ቤቶቹ ጉያ የነበረው አልሸባብ የተባለው ቡድን ደግሞ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከቀድሞው የበረታ ኃይል ሆኖ ወጣ። ስንት ልጆቻችን እንደ ሞቱ፣ ስንቶቹ አካላቸው እንደ ጎደለ የሚያሳይ የተሟላ ዝርዝር እስከ ዛሬ ለሕዝብ ሲቀርብ አላየንም። በሬውን የሸጠ ገበሬ ስንት እንደ ሸጠ ለሚስቱ ይነግራል። ልጆቹን ለጦርነት የሰጠ ሕዝብ ስንት እንደ ሞቱበት አይነገረውም ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ክቡራንና ክቡራት፣

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሥራ አስፈጻሚው የበላይ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢና የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ያደርገዋል። ሦስቱ ሥልጣኖች በአንድ እጅ ናቸው። በሌላ በኩል አንቀጽ 55 የጦርነት ሁኔታን የማወጅ ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የሚያጸድቀውም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ የሚጠይቀውም ይኸው ምክር ቤት ነው።

ክፍተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጦርነት ሳይታወጅ ሠራዊት ከድንበር ቢሻገር ሕገ መንግሥቱ በግልጽ የሚለው የለም። የውጭ አገር ጦር በግብዣ ቢገባስ? ስለዚያም በግልጽ የሚለው የለም። ሕግ ዝም ባለበት ቦታ ደግሞ የሚናገረው ሥልጣን የያዘው ሰው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በ2002 ዓ.ም. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ይህን በር ዘግታዋለች። በአንቀጽ 240 መሠረት የኬንያ ጦር ወደ ውጭ ለመዝመትም፣ የውጭ ጦር በኬንያ ለመስፈርም የፓርላማው ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የምንጠይቀው ነገር በአካባቢያችን ያልታሰበ አዲስ ነገር አይደለም።

የውጭ ጦር ሲገባ የሚያስከትለውን ጣጣ ይህ አገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር ጌዴዎን ጦር የተባለው በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራ ኃይል ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ ጣሊያንን ከቡሬ ምሽግ አስለቅቋል። ውለታው ውለታ ነው። ሆኖም እንግሊዝን ከአገር ለማስወጣት በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. ሁለት ስምምነቶች አስፈልገዋል፣ ሐውድን ለማስመለስም እስከ 1947 ዓ.ም. መጠበቅ ግድ ሆኗል። ለወዳጅነት የገባ ጦር እንኳ የሚወጣበት ቀን አስቀድሞ ካልተጻፈ በቀላሉ አይወጣም።

አሁን ደግሞ ለመናገር የሚከብደንን እንናገር።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር የኤርትራ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ። መንግሥት ሲክድ ቆየ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የኤርትራ ወታደሮች መግባታቸውን በምክር ቤት ፊት ያመኑት መጋቢት 14 ቀን፣ ከአራት ወር ተኩል በላይ ቆይቶ ነው። በዚሁ ጊዜ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአክሱም ከተማ ከ100 በላይ ሰላማዊ ሰዎች በኤርትራ ወታደሮች መገደላቸውን በሪፖርቱ ገልጿል። ማን ፈቀደላቸው? በየትኛው ስምምነት? ምክር ቤቱ አጸደቀውን? ምንም የተነገረን ነገር የለም። በ2010 ዓ.ም. ከአስመራ ጋር ሰላም ሲወርድም የአልጀርሱን ስምምነት ለመቀበል የወሰነው የአንድ ፓርቲ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ነበር፤ ሕዝቡ በሬዲዮ ሰማው።

በዚያ ወቅት በከተሞቻችን የነበረው ስሜት ምን ነበር? እውነቱን እንናገር። ብዙዎቻችን ደግፈናል። የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው ብለን፣ የውጭ ጦር በኢትዮጵያ መሬት ላይ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀውን ሰው ባንዳ ብለነዋል። ፓርቲያችንም ቢሆን ድምጹን ዝቅ አድርጎ ነበር። ይህን የምንናገረው ከእኛ ይልቅ እናንተ ስለምታውቁት ነው። ስሕተት ነበር።

ስሕተት መሆኑንም ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ከሆስፒታል በተገኘ መረጃ ተዘገበ። በማግስቱ፣ ነሐሴ 8 ቀን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተሰብስቦ አዋጁን አጸደቀ። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት የሆነች ከተማ ሬሳዋን ሳታነሣ ሥልጣኑ ጸደቀ። ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለአራት ወር ተራዘመ። የምክር ቤቱ አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ የታሰሩት ያለመከሰስ መብታቸው ከመነሣቱ ከወራት በፊት ነው። ስለ ፍኖተ ሰላሙ ጥቃት ለሕዝብ የቀረበ የተሟላ የምርመራ ውጤት እስካሁን አላየንም።

እንግዲህ ልብ በሉ። በ1999 በሞቃዲሾ፣ በ2013 በአክሱም፣ በ2015 በፍኖተ ሰላም የሠራው ሥልጣን አንድ ነው። ያለ ጠያቂ ጦር የሚያዝ ሥልጣን ነው። ሩቅ አገር ላይ ሲውል ጀግንነት፣ ጎረቤት ላይ ሲውል ፍትሕ መሰለን። ደጃችን ሲደርስ ግን ስሙን አወቅነው። በሌላው ላይ ሲሆን ያልገደብነውን ሥልጣን በእኛ ላይ ሲሆን ልንገድበው አንችልም።

ነገሩም ገና አላለቀም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር ስለ ባሕር በር የመግባቢያ ስምምነት ተፈረመ፤ ሙሉ ጽሑፉ ግን ለሕዝብ አልቀረበም። ከሶማሊያ ጋር ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ውዝግብ አስከትሎ በታኅሣሥ 2017 በአንካራ መግለጫ ረገበ። የባሕር በር ማግኘት የአገር ጥቅም መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ለባሕር በር ሲባል ልጆቻችን ሊዘምቱ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን አንድ ሰው ብቻውን ሊወስነው አይችልም።

አንዳንዶች፣ ጠላት ሲወር ምክር ቤት እስኪሰበሰብ ይጠበቃልን? ይሉናል። አይጠበቅም። አገር ሲወረር ሠራዊቱ ወዲያው ይመክታል፣ ፈቃዱ በሰዓታት ውስጥ ይከተላል። የጦር ምስጢር ይባክናል የሚሉም አሉ። እኛ የጦር ዕቅድ በአደባባይ ይነገር አላልንም። ለምን እንደምንዘምት፣ እስከ መቼ እንደምንዘምትና ስንት እንደ ሞተ ይነገር ነው ያልነው። ይህ ምስጢር ከሆነ ምስጢሩ የሚደበቀው ከጠላት ሳይሆን ከሕዝብ ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን ከተመረጠ የሚከተሉትን በሕግ ለመደንገግ ቃል ይገባል።

1. የኢትዮጵያ ሠራዊት ከአገር ውጭ የሚዘምተው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምጽ ሲፈቀድ ብቻ ይሆናል። ወረራን ለመመከት የተወሰደ እርምጃ በ48 ሰዓት ውስጥ ለምክር ቤቱ ይቀርባል።

2. እያንዳንዱ ፈቃድ ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ወጪውንና ከስድስት ወር የማይበልጥ ጊዜውን በጽሑፍ ይይዛል። ጊዜው ሲያበቃ በአዲስ ድምጽ ካልታደሰ ሠራዊቱ ይመለሳል።

3. ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ የማንም አገር ጦር በኢትዮጵያ መሬት አይሰፍርም። ስምምነቱ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፣ የመውጫ ቀን ይኖረዋል።

4. የሞተ ወታደር ቤተሰብ በ30 ቀን ውስጥ በይፋ ይነገረዋል። የሟቾች ስም ዝርዝር በየዓመቱ ይወጣል። የጡረታና የካሣ ክፍያ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሳያንከራትት ይፈጸማል።

5. በአየር ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች የሞቱበት ቦታ ሁሉ፣ ፍኖተ ሰላምን ጨምሮ፣ በገለልተኛ አካል ይመረመራል። ውጤቱ በሕዝብ ፊት ይነበባል።

እነዚህ ገደቦች ነገ ከእኛ መካከል የሚመረጠውን ጠቅላይ ሚኒስትርም ያስራሉ። እንዲያውም አስቀድመው የሚያስሩት እርሱን ነው። ጥሩ ሰው ስለመረጥን ሕግ አያስፈልግም የሚል ፖለቲካ አገራችንን ምን ያህል እንዳስከፈላት አይተናል።

ሕግ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫ አንድ የተቃዋሚና አንድ የግል ተመራጭ ብቻ ገቡ። በ2007 ደግሞ አንድም ተቃዋሚ አልገባም። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ቀርቶ ሙሉ ድምጽ ቢጠየቅ ከእጅ ማውጣት በቀር ምን ይሆናል? አባቶቻችን ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እምቢ ለማለት የሚደፍሩ ተወካዮችን ወደ ምክር ቤት መላክ የእናንተ ሥልጣን ነው። እኛን ባትመርጡን እንኳ፣ የሚመጣውን ዕጩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። ልጄን ወደ ጦርነት የሚልከው ማን ነው? አንተስ ያን ቀን እጅህን ከማውጣትህ በፊት ምን ትጠይቃለህ? በሉት። መልስ የሌለው ሰው ድምጻችሁ አይገባውም።

እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላም ያውርድ። በጦርነት ያለቁትን ነፍስ ይማር፣ ያዘኑትን ያጽናና።

ኢትዮጵያ በልጆቿ ፈቃድ ለዘላለም ትኑር!