ምሰሶው የዘገየበት ቤት
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ «ኸርድ» ስለሚባለው ነጻ የኮምፒዩተር ሥራ ነው። ብዙዎቻችሁ ስሙን ሰምታችሁት እንደማታውቁ እገምታለሁ፤ ይህም አያስወቅሳችሁም። ሥራው ከተጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን ገና አልተፈጸመም። ያላለቀ ነገር ምን ይወራለታል የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

አስቀድሞ «ነጻ» ማለት ምን እንደ ሆነ እንስማማ። እንግሊዞች ነጻነትንና ያለ ዋጋ መገኘትን በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፥ የዚህ እንቅስቃሴ ሰዎች ልዩነቱን ሲያስረዱ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። እኛ በአንዲት «በ» ተገላግለናል፤ ነጻ ሌላ፥ በነጻ ሌላ። በየሱቁ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ የሚዞረው ባለቤት ያለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ነጻ ግን አይደለም። ውስጡን ልይ፥ ስሕተቱን ላርም፥ ያረምሁትንም ለጎረቤቴ ልስጥ ብትሉ አይቻላችሁም። ነጻ የሚባለው እነዚህን ሁሉ የሚፈቅደው ነው።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ስታልማን እንዲህ ያለ ሙሉ ሥርዓት ከመሠረቱ እሠራለሁ ብሎ ለዓለም ያስታወቀው መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው፤ እኛ አገር የደመራ ዕለት መሆኑ ነው። አሳቡም ከደመራ የራቀ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የበኩሉን ችቦ ይዞ ይምጣ የሚል ነበር። ስሙን «ግኑ» አለው። ይህም «ግኑ ዩኒክስ አይደለም» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ መነሻ ፊደሎች የተውጣጣ ሲሆን፥ በኬንያና በታንዛንያ ሜዳ በመንጋ የሚግተለተለው እንስሳም ስም ነው። «ኸርድ» የሚለውም «መንጋ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያስታውሳል።

ሰዎቹ ችቦቸውን ይዘው መጡ። በፈረንጆች 1990 ዓመት ላይ ኢማክስ የተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ፥ የፕሮግራም ቋንቋን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ጂሲሲና ሌላም ብዙ ዕቃ ተሠርቶ ነበር። የጎደለው አስኳሉ ነው፤ ይኸውም የማስታወሻውን ቦታ፥ የዲስኩንና የማሽኑን ጊዜ ለሌሎቹ ፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው ክፍል ነው። በእኛ በባምባሲ ለቤት ሥራ ደቦ ሲጠራ ሽመሉ ተቆርጦ፥ ሣሩ ታጭዶ፥ ማገሩ ተዘጋጅቶ ምሰሶው ባይመጣ ምን ይባላል? ነገሩ እንዲያ ነበር።

ምሰሶው የዘገየው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው መጠበቅ ነው። ስታልማን በአሜሪካ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርስቲ የተሠራውን «ማክ» የተባለ ትንሽ አስኳል መሠረት ለማድረግ አሰበ፤ ዩኒቨርስቲው በሚስማማ ፈቃድ ይልቀቀው አይልቀቀው ሳይታወቅ ወደ 3 ዓመት ያህል አለፈ። ሁለተኛው የአሳቡ ማማር ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ትልቅ አስኳል ፋይሉንም መረቡንም ዲስኩንም ራሱ ያስተዳድራል። በኸርድ ግን እነዚህ ሥራዎች ለየብቻቸው ለሚኖሩ አገልጋይ ፕሮግራሞች ተከፋፍለው፥ አገልጋዮቹ በማክ በኩል መልእክት ይላላካሉ። ስለዚህ ተራው ተጠቃሚ እንኳ የኮምፒዩተሩን አስተዳዳሪ ሳያስፈቅድ የራሱን የፋይል አገልጋይ ሊተክል ይችላል። ይህ በእውነት የሚያስቀና ነጻነት ነው። ነገር ግን መልእክቱ በብዙ እጅ ስለሚያልፍ፥ አንድ ስሕተት ሲፈጠር ጥፋተኛው የትኛው አገልጋይ እንደ ሆነ መለየት እጅግ አድካሚ ሆነ።

ይህ ሲሆን ሳለ በፊንላንድ በሄልሲንኪ ዩኒቨርስቲ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ተማሪ (ከእኛ ዕድሜ መሆኑን ልብ በሉ) ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ለመዝናኛ ያህል ትንሽ አስኳል እየሠራሁ ነው ብሎ ጻፈ። አሠራሩ የቀድሞው ዓይነት፥ ሁሉን በአንድ የያዘ ነበር። የኔዘርላንዱ መምህር አንድሪው ታነንባውም በማግሥቱ ዓመት እንዲህ ያለው አሠራር ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ ተከራከረው። መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉኝና፥ በመጽሐፉ መምህሩ፥ በሜዳው ተማሪው ያሸነፈ ይመስለኛል። ሊነስ ገና ያልበሰለውን ሥራ አውጥቶ ለሰው ሰጠ፤ ሰዎችም አረሙለት። በፈረንጆች 1992 የግኑን ፈቃድ ሲቀበል፥ የግኑ ዕቃዎች ሁሉ ምሰሶ አገኙ። ዛሬ ዓለም የሚሠራበት ሊኑክስ ይህ ነው።

ለእኛ ይህ ምን ይረባናል? ስለ ፊደላችን ልንገራችሁ። ማይክሮሶፍት «ኛላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አጠቃላይ ገበያ ላይ ያወጣው በፈረንጆች 2007 ነው። ኢማክስ ግን በ1997 ዓመት በወጣው በ20ኛው እትሙ ፊደላችንን ይጽፍ ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ መዝገብ የገባው እንኳ ከዚያ በኋላ በ1999 ነው። በኢማክስ ውስጥ ያስገባውም ታካሃሺ ናኦቶ የሚባል ጃፓናዊ ነው፤ የፕሮግራሙ ውስጥ ክፍት ስለ ነበረ የማንንም ኩባንያ ደጅ አልጠናም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በባምባሲ የማኦ ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ተናጋሪዎቹ በጥቂት ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ማይክል አህላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሰዋስዉን አጥንቶ በፈረንጆች 2012 ለኦሪገን ዩኒቨርስቲ ጽፎ አቅርቧል። ቋንቋው በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ቃልን ከቃል ስለሚለይ ይህን በምልክት የሚያሳይ የቁልፍ ሰሌዳ ቢኖረው፥ የቃላት ማረሚያም ቢጨመርለት ይጠቅመው ነበር። ጥቂት ሺህ ገዢ ግን የትኛውንም ነጋዴ ከአልጋው አያስነሣም። በነጻው ሥርዓት አንድ ተናጋሪና አንድ ፕሮግራም የተማረ ልጅ ተቀምጠው ሊጀምሩት ይችላሉ። ዕቅዱ እስኪያምር፥ ኮሚቴውም እስኪሟላ እንጠብቅ ካልን ግን (የእኛን ኮሚቴዎች ታውቃላችሁ) የኸርድ ዕጣ ይደርሰናል።

ኸርድም ቢሆን አልሞተም። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ይዘውት ቆይተው፥ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. በደቢያን በኩል አዲስ እትም አውጥተዋል። ይህ እትም በ64 ቢት ማሽንም ይሠራል፤ ከደቢያን ፕሮግራሞችም ወደ 72 ከመቶ የሚሆኑት ተዘጋጅተውለታል። ለዕለት ሥራ ግን ገና አልመክራችሁም።

ለመማር የሚፈልግ በሌላ ኮምፒዩተር ውስጥ አስነሥቶ ሊያየው ይችላል። ቅጂውን ይዤዋለሁ፤ ፍላሽ ያለው ይቅረብ። የማኦን ቋንቋ የምትናገሩ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት እንድታነጋግሩኝ እለምናለሁ፤ የቁልፍ ሰሌዳውን ረቂቅ በወረቀት ሥዬ አምጥቻለሁ።