አንድን ሞተር ከሁለት ቦታ ስለ ማስነሣት



በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የቡሬውን የዘይት ፋብሪካ በመሰሉ ተቋሞች አንድን ሞተር ከመቆጣጠሪያ ክፍልም ከማሽኑ አጠገብም ማስነሣት ያስፈልጋል። የሁለቱን መቆጣጠሪያዎች የ24 ቮልት መውጫ በአንድ ሽቦ አገናኝቶ ወደ ድራይቩ መስደድ ግን አንዱ ሌላውን ከኋላ እንዲመግብ ሊያደርግ ይችላል፤ ጠፍቷል የተባለውም ሳጥን ኤሌክትሪክ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ሪሌ ያንቀሳቅስ፤ የሪሌዎቹም ኮንታክቶች ከድራይቩ በሚወጣው 24 ቮልት ይመገቡ።

ኮንታክቶቹን በትይዩ ማገናኘት ለማስነሣት ይበቃል፤ ለማቆም አይበቃም፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ሞተሩን ይዞት ይቀራልና። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ መምረጫ ማብሪያ ይግባ። የአደጋ ማቆሚያዎቹ ግን በመምረጫው በኩል አይለፉ፤ በተከታታይ ተገናኝተው፣ መምረጫው የትም ቢዞር፣ ይሥሩ።

ቀበቶ ለመጠገን የሚገባ ሠራተኛ በዚህ ሁሉ አይታመን፤ ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ ይቆልፍ፤ ቁልፉንም ኪሱ ይክተት።