ሥዕሉ የተናገረውን ቃሉ ይተወው
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




በቋንቋችን «መጻፍ» የሚለው ግሥ ሁለት ሥራዎችን በአንድነት ይዞ ይገኛል። አንደኛው ፊደልን አሳምሮ መቅረጽ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከራስ አእምሮ ሐሳብ አመንጭቶ ማስፈር ነው። በጥንቱ ትምህርት ቤታችን እነዚህ ሥራዎች የተለያዩ ባለሙያዎች ነበሯቸው። ቁም ጸሐፊው ብራና ዘርግቶ፣ ቀለም በጥብጦ፣ የሌላውን ቃል ሳያዛንፍ ይገለብጣል፤ የቅኔው ተማሪ ግን የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል እንጂ የትናንቱን አይደግምም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሁለቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ ላዋሕድ ሲል፣ ቁም ጸሐፊውን አስገብቶ የቅኔውን ተማሪ ከደጅ ያስቀረው ይመስለኛል። የልጁ ደብተር ሲታረም የፊደል ግድፈቱ በቀይ ይሠመርበታል፤ የእጅ ጽሕፈቱ ይመሰገናል ወይም ይነቀፋል፤ ምን ለማለት እንደ ፈለገ ግን የሚጠይቀው የለም ማለት ይቻላል።

«ሥዕሉን ተመልክታችሁ አምስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ» የሚለውን መልመጃ ሁላችንም እናውቀዋለን። ውጤቱንም እናውቀዋለን፦ ይህ በሬ ነው። በሬው ሣር ይበላል። በሬው ሁለት ቀንድ አለው። ልጁ አልዋሸም፤ ቁጠር ስለ ተባለ ቆጠረ። ሣሩ የማን እንደ ሆነ፣ በሬውን ማን እየፈለገው እንደ ሆነ የሚያስጠይቅ ነገር በሥዕሉም በትእዛዙም ውስጥ የለም። ጉድለቱ የልጁ ሳይሆን፣ ቃልና ሥዕል አንድ ነገር እንዲደጋግሙ ያደረገው አሠራር ነው። በመልካም የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ግን ሥዕሉ ያሳየውን ቃሉ ይተወዋል፤ ቃሉ የያዘውንም ሥዕሉ አይደግመውም። ስለዚህ ልጁ ከዚህ መጽሐፍ የሚማረው ምን እንደሚጻፍ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይጻፍ ጭምር ነው። ይህ ለብዙ አዋቂ ጸሐፊ እንኳ ዘግይቶ የሚገባ ነገር ነው።

እንግሊዛዊቷ ደራሲና ሠዓሊ ፓት ኸቺንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙትን «የሮዚ የእግር ጉዞ» እንመልከት። መላው መጽሐፍ 32 ቃላት ብቻ ነው። ቃሉ የሚነግረን አንዲት ዶሮ በእርሻ ግቢ ተዘዋውራ ለራት በሰላም መመለሷን ነው። ሥዕሉ ደግሞ ከኋላዋ የሚያደባ ቀበሮ ያሳየናል። ቀበሮው ሊይዛት በዘለለ ቁጥር መከራ ያገኘዋል፤ ኩሬ ውስጥ ይወድቃል፣ ዱቄት ይፈስበታል፣ በመጨረሻም ንቦች ያባርሩታል። ከ32ቱ ቃላት አንዱ እንኳ ቀበሮውን አያነሣም። መምህሩ በመጀመሪያ ሥዕሉን ሸፍኖ ቃሉን ብቻ ያንብብ፤ ልጆቹ ይሰለቻሉ፤ ይሰልቹ። ከዚያ ሥዕሉን ይግለጥላቸው። ክፍሉ «ቀበሮ! ቀበሮ!» በሚል ጩኸት ሲሞላ፣ ደራሲዋ ስለ ምን ዝም እንዳሉ ይጠይቃቸው። «ቀበሮም ተከተላት» የሚል ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ ጨምሮ፣ ታሪኩ ተሻለ ወይስ ተበላሸ እንዲፈርዱ ያድርግ። ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ ሕዝብ ነገሩ እንግዳ አይደለም። (ልዩነቱ፣ በቅኔ ወርቁ ይሰወራል፤ እዚህ ግን ወርቁ በገሃድ ተዘርግቶ ሳለ የማታየው ዶሮዋ ብቻ ናት።)

ይኸው መጽሐፍ ለአማርኛ መምህር ሌላም ስጦታ አለው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በእንግሊዝኛው ግሡ ከመጀመሪያው ይነገርና ቦታዎቹ በየገጹ ይከተላሉ። ወደ አማርኛ ስንመልሰው ግን ማሰሪያ አንቀጹ እስከ መጨረሻው ገጽ ይቆየናል፤ በየገጹ የሚገኘው ቦዝ አንቀጽ ይሆናል፦ አቋርጣ፣ ዞራ፣ አልፋ፣ ሾልካ። ልጁ ቅጠሉን በገለጠ ቁጥር ነገሩ ገና እንዳልታሰረ በጆሮው ይሰማል። ቦዝ አንቀጽን በሕግ አስሸምድደን ካስተማርንበት ጊዜ ሁሉ ይህ የተሻለ ነው ብዬ እደፍራለሁ።

ከፍ ላሉት ልጆች አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተሙት «የዱር አውሬዎቹ ያሉበት» ይጠቅማል። ሥዕሎቹ ከትንሽ ጀምረው ልጁ ወደ ምናቡ በገባ መጠን እየሰፉ ይሄዳሉ፤ መካከል ላይ ሦስት ጥንድ ገጾች ያለ አንዳች ቃል ያልፋሉ፤ የመጨረሻው ገጽ ደግሞ ቃል ብቻ እንጂ ሥዕል የለበትም። ለምን ይሆን? ለዚህ ጥያቄ የልጆቹን መልስ መስማት ብቻ ክፍለ ጊዜውን ይሞላዋል።

በአገራችንም የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ ክፍሎች፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥኖች፣ ከአጭር ጽሑፍ ጋር የሚሥሉ ሠዓልያን አሉ። ያ ሁሉ ታሪክ በ44 እንዲወሰን ሠዓሊው መርጧል፤ ምርጫ ደግሞ የድርሰት ግማሽ ነው። የማሞ ቂሎንም ተረት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሐፍ አድርገውታል። እናት ለትናንቱ ስሕተት የሰጠችውን ምክር ማሞ ለዛሬው ጉዳይ ሲያውለው የሚታይበት ተረት ነውና፣ ልጆቹ የእናትን ቃል ብቻ ጽፈው የማሞን ሥራ ለሥዕሉ ቢተዉት ግሩም መልመጃ ይሆናል።

«ለስድሳ ተማሪ አንድ መጽሐፍ ምን ያደርጋል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አንዱን መጽሐፍ መምህሩ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ወረቀት ነው። አንድ ሉክ ወረቀት ሁለት ጊዜ ታጥፎ ጠርዙ ሲቀደድ ስምንት ገጽ ይሰጣል፤ አንዱ ለሽፋን ቢሄድ ሰባት ይቀራል። ልጁ ታሪኩን በሰባት ቅጽበት ይክፈለው፤ በበኩሌ ሥዕሉ እንዲቀድም እመርጣለሁ፤ የጭረት ሰው ቢሆንም ይበቃል። ሲጨርስ ቃሉን በወረቀት ሸፍኖ ለጎረቤቱ ያሳየው። ጎረቤቱ ሥዕሉን ብቻ አይቶ የተጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ከተናገረ፣ ቃሉ ትርፍ ነበርና ልጁ ተመልሶ ይጻፈው። የፊደል እርማት ከዚህ በኋላ ይደርሳል።