አፍንጫ ሲደፈን

እሷ፦ ጃናሞራ ላይ የገብስ ውቂያ ሲደርስ እብቁ ይበናል። ማታ ደግሞ የምድጃው ጭስ አለ። አፍንጫ ቢደፈን ምን ይገርማል?

እሱ፦ አይገርምም። የሚያሳዝነኝ ግን ብዙ ሰው «ያለ ቀዶ ጥገና አይለቅም» ብሎ ተስፋ መቁረጡ ነው።

እሷ፦ አለርጂ ከሆነማ ምላጭ ምን ያደርግለታል?

እሱ፦ መጀመሪያ የጨው ውሃ ይሞከር። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት። ጎንበስ ብሎ በአፍ እየተነፈሱ በአንዱ ቀዳዳ ሲያስገቡት በሌላው ይወጣል።

እሷ፦ የምንጭ ውሃስ? ኩልል ያለ ነው እኮ።

እሱ፦ ቢሆንም ይፍላ!

እሷ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ከፋርማሲ የሚገዛው ጠብታ ነው። ወዲያው ስለሚከፍት ሰው ለወራት አይለቀውም።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያለው ከ5 ቀን በላይ ሲወሰድ መልሶ ይደፍናል። ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ ስፕሬይ ግን ሌላ ነው፤ በየቀኑ ሲወሰድ እብጠቱን ቀስ እያለ፣ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል።

እሷ፦ ጦስኝ መታጠንስ?

እሱ፦ ለጊዜው ቀለል ያደርጋል። ሕፃን ግን የፈላ ውሃ ላይ አይጎንበስ፣ ይቃጠላል። ምድጃውንም ከቤት ማውጣት ነው።

እሷ፦ በስሜን ብርድ? እሱ እንኳ ይከብዳል። ጭስ ማውጫ ማበጀት ይሻላል።

እሱ፦ እሺ፣ ይሁን።

እሷ፦ የልጅ አንዱ ቀዳዳ ብቻ ተደፍኖ ከሸተተስ?

እሱ፦ ባቄላ ገብቶበት ይሆናል። በቤት አትጎርጉሩት፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አዋቂም አንዱ ወገን ብቻ ተደፍኖ ከደማ፣ ደባርቅ ወይም ጎንደር ወርዶ ይታይ።