አሮጌውን የጦር ካሚዮን ወደ ጉዞ መመለስ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ አሮጌ የጦር ካሚዮን ጥገና እንድናገር ስጋበዝ፣ ርእሱ ከዕለት ሥራችን የራቀ የሚመስለው ሰው ሊኖር እንደሚችል ገምቻለሁ። ሆኖም ለብዙ ዓመታት ቆሞ የዛገን ተሽከርካሪ አስነሥቶ ለመንገድ ማብቃት፣ የሙያችን ትልቅ መፈተኛ ነው። በዚህ ሥራ መካኒኩ የሚታገለው ከአንድ ብልሽት ጋር ሳይሆን ከጊዜ ጋር ነው። የሥራው ውጤትም የሚለካው በቀለሙ ማማር ሳይሆን፣ ካሚዮኑ ሾፌሩን በሰላም ወስዶ በሰላም በመመለሱ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራውን ጂ.ኤም.ሲ. ሲ.ሲ.ኬ.ደብልዩ. የተባለውን የአሜሪካ ካሚዮን ነው። ከእ.ኤ.አ. 1941 እስከ 1945 ድረስ፣ ዘር ማንዘሩ ተደምሮ፣ ከ500,000 በላይ ተመርቷል። አራቱ ፊደላት ትርጉም አላቸው፤ የመጀመሪያው የ1941ን ንድፍ፣ ሁለተኛው መደበኛውን ካቢና፣ ሦስተኛው የፊት እግር መንዳቱን፣ አራተኛው ደግሞ ሁለቱ የኋላ አክስሎች መንዳታቸውን ያመለክታሉ። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ሲሆን፣ ይዘቱ 4.4 ሊትር ያህል ነው። ከመንገድ ውጭ የሚሸከመው ጭነት 2 ቶን ተኩል ተብሎ ተወስኗል።

ይህ ካሚዮን ለምን ይጠበቃል ለሚል ጠያቂ፣ መልሱ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ከነሐሴ እስከ ኅዳር እ.ኤ.አ. 1944 በፈረንሳይ አገር «ሬድ ቦል ኤክስፕሬስ» የተባለው የማጓጓዣ ሥርዓት ለሚገሠግሠው ጦር ቤንዚን፣ ጥይትና ስንቅ ሲያደርስ፣ ዋናው የሥራ ፈረስ ይኸው ካሚዮን ነበር። ሥራው በበረታበት ወቅት ወደ 6,000 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች በአንድ ቀን ከ12,000 ቶን በላይ አጓጉዘዋል። ከሾፌሮቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ በዘር ተከፋፍሎ በነበረው የአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። እንግዲህ ካሚዮኑ የጦር ዕቃ ብቻ ሳይሆን፣ ስማቸው እምብዛም ላልተነሣ ሠራተኞችም ምስክር ነው። ምስክርን ደግሞ ቃሉን ሳይለውጡ መጠበቅ ይገባል።

የሥራው መጀመሪያ መፍቻ ማንሣት ሳይሆን መጻፍ ነው። በካቢናው ውስጥ የተለጠፉት የብረት ሰሌዳዎች ሳይቀቡና ሳይፋቁ ይነበቡ፤ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ይመዝገብ፤ እያንዳንዱ ክፍል ከመፈታቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ። ይህ ለቢሮ ሥርዓት ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም። ለዚህ ካሚዮን ሁለት ዓይነት አክስሎች ተገጥመውለት ስለ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ መለዋወጫ የሚያዝ ሰው ገንዘቡን ከማባከን በቀር የሚያተርፈው የለም።

ሁለተኛው መመሪያ ትዕግሥት ነው። አዲስ ባትሪ አምጥቶ ሞተሪኖውን መጫን፣ ወይም ካሚዮኑን በሌላ መኪና እየጎተቱ በማርሽ ለማስነሣት መሞከር፣ ብዙ ደኅና ሞተሮችን ለቁራጭ ብረት ዳርጓል። ፋሻዎቹ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዝገው ተጣብቀው ይሆናል፤ ባልቮላውም በመምሪያው ውስጥ ደርቆ ይሆናል። የዚህ ሞተር ባልቮላዎች ከላይ ሆነው በረጃጅም ዘንጎች የሚገፉ በመሆናቸው፣ አንዱ ባልቮላ ተይዞ ሳለ ሞተሩ በኃይል ቢዞር የሚገፋው ዘንግ ይጣመማል። ስለዚህ ካንዴላዎቹ ይፈቱ፤ በየቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ይፍሰስ፤ ለጥቂት ቀናትም ይቆይ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በማኖቬላ፣ በእጅ፣ ቀስ ተብሎ ይሞከር። የሚያስቸግር ከሆነ ቴስታታውን ማንሣት ይሻላል እንጂ ጉልበት መጨመር አይገባም። የሰው እጅ ብረቱ «በቃኝ» ሲል ይሰማል፤ ሞተሪኖ ግን አይሰማም።

ሞተሩ በነጻ ከዞረ በኋላም ገና ብዙ ይቀራል። የዘይቱ ኮፓ ወርዶ ለዓመታት የረጋው ጭቃ መሰል ዝቃጭ ይጠረግ፤ ይህ ካልሆነ አዲሱ ዘይት ዝቃጩን አንሥቶ መተላለፊያዎቹን ይደፍናል። አሮጌ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ስለሚለወጥ፣ ካርቡራተሩና የቤንዚን ፖምፓው ተፈትተው ይታጠቡ፤ ለመጀመሪያው ሙከራም ቤንዚኑ ከንጹሕ ትንሽ ዕቃ ይምጣ። ባዶ የመሰለ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ከሞላው ይልቅ አደገኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ተናኙ በሚገባ ሳይወጣ የብየዳ እሳት ሊቀርበው አይገባም።

የኤሌክትሪኩ ነገር ብቻውን አንድ ትምህርት ነው። ሥርዓቱ ባለ 6 ቮልት ሲሆን፣ ብዙዎች «ደካማ ነው» በማለት ወደ 12 ቮልት ይለውጡታል። እውነቱ ግን፣ አንድ ዓይነት ኃይል ለማግኘት በ6 ቮልት የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በ12 ቮልት ከሚያልፈው እጥፍ በመሆኑ፣ ሽቦው ወፍራም፣ መገናኛውም ንጹሕ እንዲሆን ያስፈልጋል። በቀጭን ኬብልና በዛገ የሻንሲ መገናኛ ላይ የሚታየው ድካም የቮልቱ ሳይሆን የሠራተኛው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ሞተሩ ድምፅ ሲያሰማ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ባለቤቱም ወደ መንገድ ለመውጣት ይቸኩላል። መካኒኩ «አይሆንም» ማለት ያለበት በዚህ ሰዓት ነው። መቆም የማይችል ካሚዮን ገና አልተጠገነም። የዚህ ካሚዮን ፍሬን ባለ አንድ መሥመር የዘይት ፍሬን በመሆኑ፣ አንድ የዛገ ቱቦ ቢፈነዳ የእግር ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም የፖምፓዎቹን ውስጥ ይቦረቡራል። ስለዚህ ቱቦዎቹ፣ ጎሚኒዎቹና ፖምፓዎቹ አንድም ሳይቀር ይመርመሩ፤ የሚያጠራጥረው ይለወጥ። በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ የታምቡሩን አቧራ በአየር መንፋት ሳንባን አሳልፎ መስጠት ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ጎማውም እንዲሁ ነው። ጎማውን በቀለበት የሚያስይዝ ቸርኬ፣ ቀለበቱ ከዛገ ወይም በትክክል ካልገባ፣ በሚነፋበት ጊዜ ቀለበቱ እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ከመፍታት በፊት የጎማው አየር ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ሲነፋም በብረት አጥር ውስጥ ይሁን፤ የሚነፋውም ሰው ከፊት ለፊቱ አይቁም።

በዚህ ላይ በሙያው ውስጥ የቆየ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን «እንደ ተሠራ ይቅር፤ ምንም አይለወጥ» ሲል፣ ሁለተኛው ወገን «ይሂድ እንጂ በምንም ይሂድ» ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም መንገዶች መጨረሻቸው ጥፋት ነው። የመጀመሪያው የ80 ዓመት ጎሚኒ አምኖ ሰው ለአደጋ ያጋልጣል፤ ሁለተኛው የባዕድ ሞተርና ካምቢዮ ገጥሞ በአሮጌ ስም አዲስ መኪና ይሠራል። መለያው እንዲህ ቢሆን እላለሁ፤ ሕይወትን የሚነካው ይለወጥ፣ ለውጡም ይጻፍ፣ የወለቀውም ዕቃ ይቀመጥ፤ ለምቾት ብቻ የሚደረግ ለውጥ ግን ይቅር። አንዱን ካሚዮን ለማዳን ሌላው ሲበተንም፣ የተበተነው ቁጥርና የተወሰደለት ዕቃ በመዝገብ ይስፈር።

ነገሩ እኛንም የሚመለከት ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ የምንላቸው የጋራዥ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ የሙያችን ታሪክ በቋንቋችን ላይ ታትሟል። በአገራችን በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሶቪየት ኅብረት በገቡት ኡራሎች ላይ ያደጉ መካኒኮች ዛሬ ሸምግለዋል። መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ ዕቃን በእጅ ሞርደው፣ በጆሮ አዳምጠው ያስነሡ የነበሩት እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ነገር በመጽሐፍ አልሰፈረም። ብረት በዝገት እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ዕውቀትም ሳይጻፍ ይጠፋል፤ የዛገ ብረት በሞረድ ይመለሳል፣ የጠፋ ዕውቀት ግን መመለሻ የለውም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ አባል ከሚያውቃቸው አረጋውያን የሙያ አባቶች የአንዱን የሥራ ዘዴ ጽፎ ያምጣ፤ ማኅበሩም ሰብስቦ ይጠብቅ። አንድ ቀን ወጣት መካኒክ በቆመ ኡራል ፊት ሲቆም፣ ከእጁ ውስጥ መፍቻ ብቻ ሳይሆን ይህም መዝገብ ይኑር።